ዊዳል «ፖዘቲቭ» ሲል ምን አየ? ስለ አንቲቦዲ ከፍኖተ ሰላም ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የምጽፈው ከፍኖተ ሰላም ነው። ባለቤቴ እህል ነጋዴ ነው፤ ቆላ ደጋ ሲል ይከርማል። ላለፉት ሦስት ዓመታት ራሱን ባመመው፣ ሰውነቱ በደከመ ቁጥር ይመረመራል፤ ሁልጊዜ ታይፎይድ ነው ይባላል፣ ሲፕሮ ይታዘዝለታል። መድኃኒቱን ጨርሶ ሲመረመርም ውጤቱ ያው ነው። በቅርቡ የተሰጠን ወረቀት ኦ 1:160፣ ኤች 1:160 ይላል። እኔም ምንም ሳያመኝ አብሬው ብመረመር ፖዘቲቭ ነሽ ተባልኩ። የአራት ወር ልጅ አጠባለሁ። አንድ ባለሙያ ‹የሚታየው አንቲቦዲ ነው› አለን። ጎረቤቴ ደግሞ አንቲቦዲው በጡት ወደ ልጁ ያልፋል ስላለችኝ ጡት ላስጥለው እያሰብኩ ነው። አንቲቦዲ በሽታው ነው ወይስ መድኃኒቱ?»

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ልጅዎን ጡት እንዳያስጥሉት እለምንዎታለሁ። ጎረቤትዎ ካሉት ግማሹ እውነት ነው፤ አንቲቦዲ ከእናት ወደ ልጅ ያልፋል። የሚያልፈው ግን በሽታ አይደለም፤ ልጅዎ ገና በራሱ አሟልቶ መሥራት ያልቻለው መከላከያ ነው። ይህን በልብዎ እንዲያምኑት አንቲቦዲ ምን እንደሆነ ከሥሩ ማስረዳት አለብኝ። የባለቤትዎም ወረቀት፣ ማለትም ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ውጤት፣ የሚገባን ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ምላሼ ቢረዝምም ታግሠው ያንብቡት።

ለጥያቄዎ ቀጥተኛው መልስ ይህ ነው፦ አንቲቦዲ በሽታውም አይደለም፣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ መድኃኒትም አይደለም፤ ሰውነት እንግዳ ነገር ሲገጥመው ራሱ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። የሚሠሩት ቢ ሴል ከሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት የሚወጡ ሕዋሳት ናቸው። በደማችን፣ በንፍፊቶቻችንና በጣፊያችን ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ቢ ሴሎች አሉ፤ አንዱ ቢ ሴል ላዩ ላይ የተሸከመው አንቲቦዲ ከሌላው ይለያል። ባክቴሪያ ሲገባ ከእነዚያ ሁሉ መካከል የሚነቁት አንቲቦዲያቸው ከባክቴሪያው ገላ ጋር የገጠመላቸው ጥቂቶች ብቻ ናቸው። እነሱም ይባዛሉ፤ ከተባዙት ብዙዎቹ ፕላዝማ ሴል ወደሚባል ሕዋስ ይለወጣሉ። ከዚያ በኋላ የአንድ ፕላዝማ ሴል ዋና ሥራው አንቲቦዲ እየሠራ ወደ ደም መልቀቅ ነው፤ በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ይለቃል። አንቲቦዲው የሚይዘው የባክቴሪያው ቁራጭ አንቲጅን ይባላል።

ከዚህ በመነሣት ብዙ ሰው የሚስተውን ነገር ልንገርዎ። የአንቲቦዲ ምርመራ ተሕዋሲውን አያይም፤ የሚያየው ሰውነት ለተሕዋሲው የሰጠውን መልስ ነው። ባለቤትዎ ከቆላ ሲመለሱ ጣታቸውን ተወግተው የሚደረግላቸው ፈጣኑ የወባ ምርመራ ከዚህ የተለየ ነው። እሱ የሚፈልገው የወባ ተሕዋሲ ራሱ የሚያወጣውን ፕሮቲን፣ ማለትም አንቲጅኑን ነው። ዊዳል የሚፈልገው አንቲቦዲ ነው። ሁለቱም ወረቀት ላይ «ፖዘቲቭ» ተብለው ይጻፋሉ፤ የሚናገሩት ነገር ግን አንድ አይደለም።

የአንቲቦዲን ቅርጽ ለማየት ዳስ ሲጣል አግዳሚውን የሚሸከመውን ባላ ያስቡ፤ ከታች አንድ ግንድ፣ ከላይ ሁለት ቅርንጫፍ። የተሠራው ከአራት የፕሮቲን ሰንሰለቶች ነው። ሁለቱ ረጃጅም ናቸው፤ ከባድ ሰንሰለት ይባላሉ። ሁለቱ አጫጭር ናቸው፤ ቀላል ሰንሰለት ይባላሉ። ከባዶቹ ከታች ጎን ለጎን ተያይዘው ግንዱን ይሠራሉ፤ ወደ ላይ ሲደርሱ ይለያያሉ፤ በየቅርንጫፉ ላይ አንድ አንድ ቀላል ሰንሰለት ይታከልበታል። አንዱን ከሌላው የሚያያይዘው በሰልፈር አተሞች መካከል የሚፈጠር ጠንካራ ማያያዣ ነው። ቅርንጫፎቹ ከግንዱ የሚለዩበት ቦታ ይተጣጠፋል፤ ስለዚህ ሁለቱ ጫፎች ተራርቀው ያሉ ሁለት አንቲጅኖችን በአንድ ጊዜ መያዝ ይችላሉ።

ይህን ያወቅነው በሁለት ሰዎች ልፋት ነው። እንግሊዛዊው ሮድኒ ፖርተር ከፓፓያ በሚገኝ ፓፔይን በሚባል ኢንዛይም የጥንቸል አንቲቦዲ ቢቆርጥ ሦስት ቁራጭ አገኘ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንቲጅን ይይዛሉ። ሦስተኛው ምንም አይይዝም። አሜሪካዊው ጄራልድ ኤደልማን በበኩሉ ማያያዣዎቹን ፈትቶ ከባዱንና ቀላሉን ሰንሰለት ለየ። ሁለቱ በ1972 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ለተማሪዎቼም ሁልጊዜ የምለው ነው፤ አንቲቦዲን ለመረዳት ከፖርተር ሦስት ቁራጮች የተሻለ መነሻ የለም። የቅርንጫፎቹ ጫፍ ሥራው መያዝ ነው። የግንዱ ሥራ ደግሞ የተያዘው ነገር ምን እንዲደረግበት ለቀረው ሰውነት ማሳወቅ ነው።

የጫፎቹ ቅርጽ ከአንቲቦዲ ወደ አንቲቦዲ ይለያያል። በየጫፉ ከከባዱ ሰንሰለት ሦስት፣ ከቀላሉም ሦስት ትንንሽ እጥፋቶች ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ አንቲጅኑን በዋናነት የሚነኩት እነዚህ ስድስቱ ናቸው። የሰው ልጅ 20,000 ገደማ ፕሮቲን ሠሪ ጂን ብቻ ይዞ እንዴት በሚሊዮን የሚቆጠር የተለያየ ጫፍ ሊሠራ ቻለ የሚለው ጥያቄ ሳይንቲስቶችን ለረጅም ጊዜ አስቸግሮ ነበር። የፈታው ጃፓናዊው ሱሱሙ ቶኔጋዋ ነው፤ በ1987 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ሥራው ኖቤል ተሸልሟል። ቢ ሴል ሲያድግ የአንቲቦዲ ጂን ቁራጮችን ይቆርጣል፣ መርጦም ይቀጥላል፤ እያንዳንዱ ቢ ሴል ቅንብሩ የራሱ ነው። ስለዚህ ሰውነታችን ተሕዋሲውን ከማየቱ በፊት የሚገጥመው ጫፍ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይቆያል።

እዚህ ላይ የባለቤትዎን ጉዳይ የሚነካ አንድ ነገር አለ። ጫፉ የሚያውቀው ቅርጽን ብቻ ነው፤ ተሕዋሲው ማን እንደሆነ አያውቅም። ታይፎይድ የሚያመጣው ሳልሞኔላ ታይፊ ላዩ ላይ ያለው፣ በወረቀቱ «ኦ» ተብሎ የሚጻፈው አንቲጅን፣ ሌሎች የሳልሞኔላ ዓይነቶችም የሚጋሩት ክፍል አለው። ከጊዜያት በፊት በሌላ ሳልሞኔላ ምክንያት ተቅማጥ ይዞት የነበረ ሰው ዛሬ ዊዳሉ ሊያነሣ፣ ማለትም «ፖዘቲቭ» ሊሆን ይችላል። ከዊዳል ሥር «ኦኤክስ 19» ተብሎ የሚጻፈው የተስቦ ምርመራም፣ ዋይል ፊሊክስ የሚባለው፣ የቆመው በዚሁ መመሳሰል ላይ ነው። ከ1916 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለምርመራው የሚውለው የተስቦ ተሕዋሲ አይደለም፤ ፕሮቲየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው። ሁለቱ የሚመሳሰል ቁራጭ ስላላቸው ለአንዱ የተሠራው አንቲቦዲ ሌላውንም ይይዛል። ፕሮቲየስ ደግሞ ራሱን ችሎ የሽንት ቧንቧ ሕመም የሚያመጣ ባክቴሪያ ነው። «ታይፎይድና ተስቦ አንድ ላይ ይዞሃል» ሲባል በሰማሁ ቁጥር የምጨነቀው ለዚህ ነው፤ ሁለት ደካማ ምርመራዎች አብረው ስላነሡ ብቻ ሁለት በሽታ አብሮ መያዙ አይረጋገጥም።

አንቲቦዲ ከያዘ በኋላ ምን ያደርጋል? ብቻውን ሆኖ ብዙ ጊዜ አይገድልም። አንዱ ሥራው መሸፈን ነው። የቴታነስ መርዝ ከነርቭ ጋር ከመጣበቁ በፊት አንቲቦዲ ቀድሞ ከያዘው መርዙ የሚጣበቅበት ቦታ ያጣል። ኤሚል ፎን ቤሪንግና ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ በ1890 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ይህንን ነበር፦ መርዙን የለመደ እንስሳ ሴረም (ደም ሲረጋ የሚለየው ፈሳሽ) ለሌላ እንስሳ ሲሰጥ ያንን ከመርዙ ይጠብቀዋል። ዛሬም ያበደ ውሻ ክፉኛ የነከሰው ሰው ከክትባቱ ጋር በቁስሉ ዙሪያ የሚወጋው የተዘጋጀ አንቲቦዲ ነው፤ ክትባቱ የራሱን አንቲቦዲ እስኪያሠራው ድረስ ሳምንት ያህልና ከዚያም በላይ ስለሚወስድ ያንን ክፍተት ይሸፍናል።

ሁለተኛው ሥራ ማጓጎል ነው። አንዱ ጫፍ አንድ ባክቴሪያ፣ ሌላው ጫፍ ሌላ ባክቴሪያ ሲይዝ ባክቴሪያዎቹ ተያይዘው ጓል ይሠራሉ። ዊዳልም በዓይን የሚታየው በዚሁ ነው፦ የሕመምተኛው ሴረም ጠብታ ከሞተ ሳልሞኔላ ፈሳሽ ጋር መስታወት ላይ ይቀላቀላል፤ ከጓጎለ «አነሣ» ይባላል። ፈረንሳዊው ፈርናንድ ዊዳል ዘዴውን ያስተዋወቀው በ1896 እ.ኤ.አ. ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ሥራ የግንዱ ነው። ባክቴሪያ የሚውጡ ነጭ የደም ሕዋሳት ግንዱን የሚይዙበት ነገር ላያቸው ላይ አላቸው፤ አንቲቦዲ የለበሰ ባክቴሪያ ቶሎ ይዋጣል። ደም ውስጥ ያሉ ኮምፕሊመንት የሚባሉ ፕሮቲኖችም ግንዱ ላይ ይሰበሰቡና የባክቴሪያውን ሽፋን ይበሳሉ።

ታይፎይድ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚሸሸግበት ቦታ አለው። ሳልሞኔላ ታይፊ ሊውጡት በመጡት ሕዋሳት ሆድ ውስጥ ገብቶ መኖርና መባዛት ይችላል። አንቲቦዲ ወደዚያ አይገባም። እዚያ ያለውን ለማጥፋት ቲ ሴል የሚባሉት ሌሎቹ ነጭ የደም ሕዋሳት ያስፈልጋሉ። በዚህ ምክንያት ከፍ ያለ የዊዳል ቁጥር በሽታው መክበዱን አይለካም፤ ዝቅ ያለ ቁጥርም መዳንን አያረጋግጥም።

አሁን ወደ መደቦቹ እንምጣ። አንቲቦዲ አምስት መደብ አለው፤ መደቡን የሚወስነው ከባዱ ሰንሰለት፣ ይልቁንም የግንዱ ክፍል ነው። አይጂኤም፣ አይጂጂ፣ አይጂኤ፣ አይጂኢና አይጂዲ ይባላሉ።

አዲስ ተሕዋሲ ሲገባ ፈጥኖ የሚወጣው አይጂኤም ነው። አምስት አሃዶች በግንዳቸው ተያይዘው ስለሚሠሩት አሥር ጫፍ አለው። እያንዳንዱ ጫፍ ሲይዝ ጥብቀቱ ደካማ ቢሆንም አሥሩ ሲተባበሩ አይለቁም፤ በማጓጎልም ሆነ ኮምፕሊመንትን በመጥራት የሚስተካከለው የለም። ግዙፍ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከደም ሥር አይወጣም። ዕድሜውም አጭር ነው፤ በአምስት ቀን ገደማ ግማሹ ያልቃል።

ቀናት ሲቆጠሩ ቢ ሴሎቹ በቲ ሴሎች እርዳታ ግንዳቸውን ይለውጣሉ፤ የሚይዘው ጫፍ ግን ያው ነው። አይጂኤም ሲሠራ የነበረው አይጂጂ መሥራት ይጀምራል። በዚሁ ጊዜ የጫፉ ጂን ላይ ጥቃቅን ለውጦች ይደረጋሉ፤ ከተለወጡት መካከል አጥብቀው የሚይዙት እየተመረጡ ይቀጥላሉ። ስለዚህ ከሳምንታት በኋላ የሚወጣው አንቲቦዲ ከመጀመሪያው ይልቅ አጥብቆ ይይዛል። አይጂጂ በደም ውስጥ ካለው አንቲቦዲ ሦስት አራተኛውን ያህል ይይዛል፤ ከደም ሥር ወጥቶ ወደ ሥጋ ይዘልቃል፤ ግማሹ የሚያልቀው በሦስት ሳምንት ገደማ ነው። የሚሠሩት ፕላዝማ ሴሎች ከፊሎቹ መቅኔ ውስጥ ተቀምጠው ለዓመታት ይኖራሉ። ሕመሙ ካለፈ፣ ባክቴሪያው ከጠፋም በኋላ አንቲቦዲውን መሥራታቸውን አያቋርጡም። ክትባት የሚሠራው፣ ኩፍኝ አንዴ የያዘው ሰው ድጋሚ የማይያዘው በዚህ ነው። የባለቤትዎ ዊዳልም ከመድኃኒት በኋላ «አልጠፋ» ያለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የወረቀቱን ሁለት ፊደላት በዚህ ዓይን እንያቸው። «ኦ» የባክቴሪያው የገላው ሽፋን ነው፤ «ኤች» የሚዋኝበት ጭራ ነው። እውነተኛ ታይፎይድ ሲይዝ ለኦ የሚሠራው አንቲቦዲ ሕመሙ በጀመረ ከ6 እስከ 8 ቀን ውስጥ፣ ለኤች የሚሠራው ከ10 እስከ 12 ቀን ውስጥ ይታያል። የኦ አንቲቦዲ ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይቀንሳል፤ የኤች ግን ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ከክትባትም ሊመጣ ይችላል። እንግዲህ ትኩሳት በጀመረው በሁለተኛው ቀን ተመርምሮ «ታይፎይድ ተገኘብህ» የተባለ ሰው የታየበት አንቲቦዲ ከዛሬው ትኩሳት የመጣ ነው ማለት አስቸጋሪ ነው፤ ለዚያ የሚሆን ጊዜ አላገኘም። በአንጻሩ ታይፎይድ በእርግጥ የያዘው ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ዊዳሉ ላያነሣ ይችላል።

ቁጥሩስ? 1:160 ማለት ሴረሙ 160 እጥፍ ሲበረዝም አጓጉሏል ማለት ነው። ብረዛው በእጥፍ በእጥፍ ይሄዳል፦ 1:20፣ 1:40፣ 1:80፣ 1:160፣ 1:320። ከ1:80 ወደ 1:160 መውጣት አንድ ደረጃ ብቻ ነው፤ ያንኑ ደም ሁለት ጊዜ ብንመረምረው እንኳ የአንድ ደረጃ ልዩነት ሊመጣ ይችላል። እንደ ኢትዮጵያ ታይፎይድ በሚዘወተርበት አገር ከጤነኛ ሰው ደም 1:80ና ከዚያም በላይ ማግኘት የተለመደ ነው፤ ውሃውና ምግቡ ደጋግሞ ከሳልሞኔላ ዘሮች ጋር አገናኝቶታል። ወባን የመሰለ ሌላ ትኩሳት ሲነሣም የቆዩ ቢ ሴሎች አብረው ሊነቁና ቁጥሩን ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። ቆላ ለሚወርድ ሰው ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ወባው ሳይታከም በታይፎይድ ስም ሲፕሮ እየወሰደ ሊሰነብት ይችላል። እርስዎም ሳያምዎ «ፖዘቲቭ» የተባሉት ጤነኛ ሰው ያለ ምክንያት ስለተመረመረ ነው። ያላመመው ሰው ዊዳል መመርመር የለበትም፤ ምንም መድኃኒት እንዳይወስዱ።

ምላሼን ብዙ ሰው ስለሚያነበው ይህንንም ልጨምር። የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ ከደም ሲሠራ የሚፈልገው አንቲቦዲ ነው፤ ከታከሙ በኋላም ለረጅም ጊዜ ያነሣል። ባክቴሪያው አሁን መኖሩን የሚያሳየው የሰገራው የአንቲጅን ምርመራ ነው። የሄፓታይተስ ቢ መለያ ምርመራ ደግሞ የቫይረሱን አንቲጅን ነው የሚያየው፤ ስለዚህ ፖዘቲቭ ከሆነ ቫይረሱ አለ ማለት ነው። ለዚያው አንቲጅን የተሠራ አንቲቦዲ ያለው ሰው ግን የተከተበ ወይም የዳነ ነው። የትኛው ምርመራ የትኛውን እንደሚያይ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

አይጂኤ የአንጀት፣ የአፍንጫ፣ የእንባና የምራቅ አንቲቦዲ ነው። ሰውነት በየቀኑ ከሚሠራው አንቲቦዲ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው እሱ ነው፤ ደም ውስጥ ብዙ የማይታየው አብዛኛው አንጀት ላይ ስለሚፈስ ነው። እዚያ ሁለት ሁለት ሆኖ ተያይዞ ይወጣል፤ የምግብ መፍጫ ኢንዛይም ቶሎ እንዳይቆርጠው የሚጠብቀው ተጨማሪ የፕሮቲን ቁራጭም አለው። ሥራው ተሕዋሲው ከአንጀት ግድግዳ ጋር ሳይጣበቅ ይዞት እንዲወጣ ማድረግ ነው።

አይጂኢ በመጠን ከሁሉ ያነሰ ነው። ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ በቆዳ፣ በሳንባና በአንጀት ያሉ ማስት ሴል የሚባሉ ሕዋሳት ላይ በግንዱ ተተክሎ ይጠብቃል። አንቲጅኑ ሲመጣ ማስት ሴሉ ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎችን ይለቃል፤ ማሳከክ፣ ማስነጠስ፣ የአስም ማፈን ከዚህ ይመጣሉ። ብዙ ሰው አይጂኢን በአለርጂ ብቻ ያውቀዋል፤ እንደ እኛ ባለ አገር ግን ከወስፋት፣ ከመንጠቆ ትልና በጣና ዙሪያ ካለው ቢልሃርዚያ ጋር በሚደረገው ትግል ድርሻ አለው፤ ትል ያለበት ሰው ደሙ ውስጥ አይጂኢ ከፍ ይላል። አይጂዲ አብዛኛው ገና ተሕዋሲ ያላየ ቢ ሴል ላይ ከአይጂኤም ጋር ተተክሎ ይገኛል፤ ደም ውስጥ ያለው ጥቂት ነው፤ ለእርስዎ ጥያቄ የሚጨምረው የለም።

አሁን ወደ ልጅዎ። ልጅ በማኅፀን ሳለ የእናቱን አይጂጂ በእንግዴ ልጅ በኩል ያገኛል። እንግዴ ልጁ የአይጂጂን ግንድ ይዞ የሚያሻግር ፕሮቲን አለው፤ አይጂኤም በዚህ መንገድ አያልፍም። አብዛኛው የሚሻገረው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ስለሆነ ቀኑ ደርሶ የተወለደ ልጅ የእናቱን ያህል አይጂጂ ይዞ ይወለዳል፤ ያለ ቀኑ የተወለደው ያነሰ ነው። ነፍሰ ጡር እናት የቴታነስ ክትባት የምትወስደው ይህ አንቲቦዲ ለአራሱ እንዲደርስ ነው። ከእናቱ ያገኘው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ውስጥ እያለቀ ይሄዳል፤ የልጁ የራሱ ደግሞ ቀስ እያለ ይጨምራል። የእርስዎ ልጅ አሁን ያለው የእናቱ ባነሰበት፣ የራሱ ገና ባልሞላበት ጊዜ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ ጡት ማስጣል ሊደረግ ከሚችለው ሁሉ የከፋው ነው።

ጡትዎ የሚሰጠው በዋናነት አይጂኤ ነው። እርስዎ በኑሮዎ ያገኟቸውን የአንጀት ተሕዋሲዎች የሚያውቁ ቢ ሴሎች ወደ ጡት ይሄዳሉ፤ እዚያ ሆነው የሚሠሩት አንቲቦዲ ወተቱ ውስጥ ይገባል። ፍኖተ ሰላም ባለው ውሃና አፈር ውስጥ ያለውን ተሕዋሲ የሚያውቀው የእርስዎ ወተት ነው፤ የቆርቆሮ ወተት አያውቀውም። ከሁሉ የበዛው ያለው እንገሩ ውስጥ ነው። እንገር አልቦ መጣልና አራስ ልጅ ቅቤ ማስላስ ባለበት አካባቢ ይህ ሳይታክቱ መነገር አለበት። ከብት የሚያረባ ሰው ያውቀዋል፤ እንገር ያላገኘ ጥጃ ቶሎ ይታመማል፤ ላም በእርግዝና ጊዜ አንቲቦዲ ማሳለፍ ስለማትችል ጥጃዋ የሚያገኘው በእንገር ብቻ ነው፤ ያውም አንጀቱ ወደ ደም የሚያሳልፈው በመጀመሪያው ቀን ገደማ ነው። የሰው ልጅ ዕድለኛ ነው፤ በሁለቱም መንገድ ያገኛል።

እናትን በእውነት ታይፎይድ ቢይዛት እንኳ ጡት አይቋረጥም፤ ታክማ፣ እጇን በሳሙና እየታጠበች ታጠባለች። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ልጁን ዊዳል እንዳያስመረምሩት። የእርስዎን አይጂጂ ደሙ ውስጥ ሊያሳይና ያላመመውን ልጅ መድኃኒት ሊያስወስደው ይችላል። ኤችአይቪ ካለባት እናት የተወለደ ልጅ እስከ 18 ወሩ ድረስ በአንቲቦዲ ምርመራ ብቻ የማይበየንበት፣ ቫይረሱ ራሱ የሚፈለግበት ምክንያትም ይኸው ነው። በ9 ወሩ የሚሰጠውንም የኩፍኝ ክትባት አያስቀሩበት፤ ቀኑ የተመረጠው የእናት አንቲቦዲ ካለቀ በኋላ ክትባቱ በደንብ እንዲሠራ ነው።

ለባለቤትዎ የምመክረው ይህ ነው። ትኩሳት ሳይኖር ድካምና ራስ ምታት ብቻ ካለ ዊዳል አይመርመሩ፤ ታይፎይድ በአብዛኛው ቀን ከቀን እየጨመረ የሚሄድና የማይለቅ ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም፣ ድርቀት ወይም ተቅማጥ ይዞ ነው የሚመጣው። ትኩሳት ሲነሣ አስቀድሞ ወባ ይመርመሩ። ከዚያ ምንም አንቲባዮቲክ ሳይወስዱ የደም ካልቸር ወደሚሠራ ሆስፒታል ይሂዱ። ካልቸር ባክቴሪያውን ራሱን አሳድጎ የሚያሳይ ነው፤ እሱም ቢሆን ግማሽ ያህሉን ሊስት ይችላል፤ መድኃኒት ተወስዶ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ካልቸር ከሌለና ዊዳል ግድ ከሆነ ከ10 እስከ 14 ቀን ተራርቆ ሁለት ጊዜ በአንድ ላቦራቶሪ ይሠራ። ከ1:80 ወደ 1:320 እንደሚሆነው አራት እጥፍ ከጨመረ ትርጉም አለው። ለመዳን ማረጋገጫ ብለው ዊዳል አያስደግሙ።

ድካሙ ሌላ መነሻ ሊኖረው ይችላል፦ የደም ማነስ፣ ስኳር፣ ጥሬ ወተት የሚጠጣ ከሆነ ብሩሴላ፣ ሳልና የሌሊት ላብ ካለ የሳንባ ነቀርሳ። ሲፕሮም ያለ ምክንያት ሲደጋገም ጉዳት አለው፤ ጅማት ይጎዳል፣ አንጀት ውስጥ መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎችን ያበዛል፤ እውነተኛው ታይፎይድ የመጣ ቀን አልሠራ ይላል። ይህን ሁሉ ስል ታይፎይድን አትፍሩት ማለቴ አይደለም። ትኩሳት ያለበት ሰው ሆዱ በድንገት ቢጠነክርበት፣ ሰገራው ደም ቢኖረው ወይም ቢቃዥ አንጀቱ ተበስቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያኑ ሰዓት ሆስፒታል ይግባ።

የሦስት ዓመቱን የምርመራ ወረቀቶች ካልጣሏቸው በቀናቸው ደርድራችሁ ለሐኪም ይዛችሁ ሂዱ። ባለቤትዎ ሲያማቸውም ሲሻላቸውም ቁጥሩ እዚያው ከቆየ፣ ያ ቁጥር የሚናገረው ስለ ቆየ አንቲቦዲ እንጂ ስለ ዛሬው ሕመም አለመሆኑን ሐኪሙ ከወረቀቶቹ ላይ ያየዋል፤ የድካሙን እውነተኛ መነሻ መፈለግ የሚጀምረውም ከዚያ ነው።